ሁለት ቀን ይጎድለዋል

እሺ፣ እሺ፣ አንድ ጊዜ ጸጥታ! ዋቁማ፣ ሳህንህን አስቀምጥ፤ ሥጋው የትም አይሄድብህም። ከኋላ ይሰማል? ዙለይሃ ካጨበጨበች ይሰማል ማለት ነው።

እንደምን ዋላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ሐጌ እባላለሁ፤ ቫን ቁጥር ዘጠኝን የምነዳው እኔ ነኝ። ዛሬ የተሰበሰብነው ጋሽ ዋለን በጡረታ ልንሸኝ ነው። ሕመምተኞችን ከቤት ሐኪም ቤት፣ ከሐኪም ቤት ወደ ቤት የምናመላልሰውን ሾፌሮች ሃያ ሁለት ዓመት በሬዲዮ ሲያዝዙን ኖረው፣ አርብ ዕለት ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወለቁ። ንግግሩን ማን ያድርግ ሲባል ቢሮው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ምክንያቱን በኋላ ትሰማላችሁ። ለአሁኑ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እኔን ያህል እሳቸው ላይ ቂም ይዞ የከረመ ሰው እንደሌለ ብቻ እወቁልኝ። ጋሽ ዋለ፣ ይመቻችሁ ብዬ እርስዎንና ባለቤትዎን እትዬ ባየሽን አብሬ ልጋብዝ፤ ወንበሩ የእናንተ ነው፤ ዛሬ ለመቀመጥ ማስረጃ አንጠይቅም።

ጋሽ ዋለ ሥራ የጀመሩበትን ቀን እኔ አላየሁም። ያን ጊዜ ናይሮቢ ተማሪ ነበርኩ። ዙለይሃ ግን ነበረች፤ ዙለይሃ ያየችውን ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ ከሮዝቪል እስከ ቡርንስቪል ያላወቀ የለም። ጃንዋሪ ነው አሉ። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ። ሌላው አመልካች በቦት ጫማና ጋቢ በሚያህል ጃኬት ተጠቅልሎ ተሰልፏል። እኚህ ሰው ሙሉ ሱፍ ከነክራቫቱ ለብሰው፣ የቆዳ ቦርሳ ይዘው ገቡ። ማናጀሩ፣ “ሁለት መታወቂያ” አላቸው። ከቦርሳው ሰባት አወጡ። የክትባት ካርድ አለበት፤ የቀበሌ መታወቂያ አለበት፤ ዙለይሃ እንደማለችልን ከሆነ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤትም አለበት። ማናጀሩ ሁለቱን መርጦ ኮፒ አደረገና፣ “ዌልካም” ብሎ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ዋለ አልጨበጡትም።

“ያንተስ?” አሉት።

“የኔ ምን?”

“መታወቂያህ። ማናጀር መሆንህን በምን አውቃለሁ?”

ሰውየው ደንግጦ አሳያቸው! ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው! እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊትና ጀርባውን አገላብጠው አይተው፣ “ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ወር ነው የቀረው፤ አሳድሰው” ብለው መለሱለት። በሳምንቱ የሾፌሮቹ ፋይል ሁሉ እሳቸው እጅ ገባ። ማናጀሩ ያን ቀን የሠራውን ስሕተት ሃያ ሁለት ዓመት ከፈልንበት፤ እሱማ ፍሎሪዳ ሄዶ ተገላገለ።

ከእኛ ጋር የሠራችሁ ሬዲዮውን ታስታውሳላችሁ። “ቫን ዘጠኝ፣ የት ነህ?” “ሮዝቪል ደርሻለሁ፣ ጋሽ ዋለ።” “ማስረጃ?” ማስረጃ! ሰው ሮዝቪል ለመድረሱ ምን ማስረጃ አለው? “ከፊትህ ምን ይታያል?” “የጫማ መደብር።” “ከመደብሩ ጎንስ?” “ጥርስ ሐኪም።” “እሺ፣ ደርሰሃል።” ጂፒኤስ እኮ አለን! ቫኑ የት እንዳለ ፊታቸው ያለው ስክሪን ላይ ነጥቡ ብልጭ ድርግም ይላል። እሳቸው ግን፣ “ነጥቡ የቫኑን ነው የሚነግረኝ፤ አንተ ቫኑ ውስጥ መሆንህን አይነግረኝም” ይላሉ።

አሁን ወደ ክሪኬቱ ልግባ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አትፍሩ፣ አጭር ነው። ክሪኬት ማለት ሰው ከኋላው ሦስት እንጨት ተተክሎለት፣ በጠፍጣፋ ዱላ ኳስ እየመታ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ኳሱ አምልጦህ እንጨቱን ከነካ ወጣህ። በቃ። እኛ ካምፓኒ ውስጥ ግማሹ ሾፌር ናይሮቢ ያደገ፣ ሌላው ሕንድ አገር የተማረ፣ የቀረው ሕንዳዊ ስለሆነ ቡድን አቋቋምን። ዋቁማ ካፒቴን ሆነ። ጋሽ ዋለ ደግሞ ዱላውን በየትኛው ጫፍ እንደሚይዙት ሳያውቁ የቡድኑ የምዝገባ ኃላፊ ሆኑ። ማንም አልመረጣቸውም። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ የሊጉን ደንብ ከጠረጴዛ አንስተው ይዘው ሄዱ፤ በማግስቱ አስምረውበት መጡ።

ደንቡ እንዲህ ይላል። ከውጭ አገር የመጣ ተጫዋች “ኦቨርሲስ”፣ ባሕር ማዶ፣ ይባላል። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከሁለት በላይ ኦቨርሲስ ማሰለፍ አይችልም። ሰውየው ሚኒሶታ ከገባ መቶ ሃያ ቀን ሲሞላው ነዋሪ ሆነ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ማንኛችንም ነው። ደንቡ የወጣው ክለቦች በየክረምቱ ከውጭ ጎበዝ ተጫዋች እየጎተቱ፣ ዋንጫ በልተው እንዳይመልሱት ነው። እንግዲህ እኛን ታውቁናላችሁ። አድራሻ ሲጠይቁን “የማንን ልስጥ?” ብለን የምንጀምር ሰዎች ነን። በአንድ የአጎት ልጅ አፓርትመንት ስድስት ሰው ፖስታ የሚቀበል ሕዝብ መሃል ይህን ደንብ ይዘው ጋሽ ዋለ ተነሡ።

ውል አምጡ፣ የመብራት ቢል አምጡ ይላሉ። ታመጣለህ። አያምኑም። “ቢል ማንም ያትማል” ይላሉ። ከዚያ በዚያች በተረጋጋች ድምፃቸው ይጠይቁሃል፦ “ጋርቤጅ የሚወጣው በምን ቀን ነው?” አትሳቁ! ስንቱን በላች ይቺ የቆሻሻ ጥያቄ! የኪራይ ውል ያለው፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው “እ... ማክሰኞ?” ብሎ ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። “ሪሳይክሉስ? በየሳምንቱ ነው በየሁለት ሳምንቱ?” እዚያ ላይ አለቀለት። “ጋርቤጁን የማያወጣ ሰው እንግዳ ነው እንጂ ነዋሪ አይደለም” ብለው ፋይሉን ይዘጉታል። እትዬ ባየሽ፣ ስቀው ሞቱ እኮ! እርስዎ ቤት ጋርቤጁን ማን እንደሚያወጣ ልንገራቸው? ተውኩት፤ የዛሬው ቀን የእሳቸው ነው።

ሶሲ የታለች? አለሽ። የጋሽ ዋለ ልጅ ናት፤ ጎረቤታችን ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ኮሌጅ ተምራ የጨረሰችው። የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምት ስትመለስ ቡድናችን ነጥብ የሚመዘግብ ሰው ጎድሎት ነበርና ልግባ አለች። አባቷ ፎርም ሰጧት። “ነዋሪነት” የሚለው ላይ የቤታቸውን አድራሻ ጻፈች። “ይሄማ አይሆንም” አሉ። “ዳድ፣ አይ ሊቭ ሂር!” “ዘጠኝ ወር ዊስኮንሲን ነበርሽ።” “ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ማይ ሃውስ!” “ማስረጃ?” ይህን ያሉት እሷ የገዛ ክፍሏ በር ላይ ቆማ ነው!

የቡርንስቪሉን ራት ያልሰማ አለ? አንድ ተጋጣሚ ቡድን ኳስ ሲወረውር እንደ ጥይት የሚሰድድ ከትሪኒዳድ የመጣ ልጅ አሰለፈ። ነዋሪ ነው፣ ከበረዶው ጊዜ ጀምሮ ቡርንስቪል ጓደኛው ቤት ነው ያለው አሉ። ጋሽ ዋለ አድራሻውን ጻፉ። እሑድ ከሰዓት እትዬ ባየሽን ድፎ ዳቦ አስያዟቸውና የሰዎቹን ቤት አንኳኩ። “ጎረቤት ነን፤ እንግዳ መጣ ሲባል ሰምተን እንኳን ደኅና መጣህ ልንል ነው።” ሰዎቹ ደስ አላቸው፤ ማን እንደሆኑ አያውቁም። ራት ቀረበ። ጋሽ ዋለ በሉ፤ ድገሙ ሲባሉም ደገሙ። መታጠቢያ ቤት ልሂድ ብለው ሲነሡ በተከፈተ በር ሻንጣ አዩ። ሻንጣው ላይ የአውሮፕላን መለያው ወረቀት አልተነቀለም። ቀኑን አነበቡ። አሥራ አንድ ቀኑ ነው! ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሻይ ጠጡ፤ “እግዚአብሔር ይህን ቤት ይባርክ” ብለው መርቀው ወጡ። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ቀበቶ ሳያስሩ ሪፖርት አደረጉ። በማግስቱ እትዬ ባየሽ ሲነጫነጩባቸው ያሉትን እኔ ራሴ ሰምቻለሁ፦ “ዳቦውም ከልብ ነው። ሪፖርቱም ከልብ ነው።”

ይህ ሁሉ ሌላው ላይ ሲሆን እንዴት ደስ እንደሚል! ያኔ ሁላችንም ጋሽ ዋለን በጀርባችን ተሸክመን ልንዞር ምንም አልቀረን። ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እኔ በዚያ ዓመት ሜይ ስምንት፣ በእኛ ሚያዝያ ሠላሳ፣ ሚኒያፖሊስ ከአውቶቡስ ወረድኩ። እንዴት እንደመጣሁ እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ አላረዝመውም። ናይሮቢ ላይ ባለቤቴን የትምወርቅንና የሁለት ዓመት ልጄን ትቼ፣ ስንት አገር በእግር አቋርጬ ነው። ፓስፖርቴን ፓናማ ላይ፣ ዳሪየን የሚባል ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ወሰደው። ድንበሩንም የተሻገርኩት በእግሬ ስለሆነ የገባሁበትን ቀን የሚናገር አንዲት ማኅተም የለኝም። ዋቁማ ሥራ አስገባኝ። የክሪኬት ተጫዋች መሆኔን ሲሰማ ደግሞ ዐይኑ በራ። እኔም ያው ሰው አገር ገብቶ የማይጎርር የለም፤ “ናይሮቢ ስታር ነበርኩ” አልኩት።

ጋሽ ዋለ ፋይል ከፈቱልኝ። የአውቶቡስ ትኬቴን ተቀበሉኝ። የትኬት ቁራጭ! “ምን ያደርግልዎታል?” ስላቸው፣ “ቀን አለበት” አሉኝ። ናይሮቢ ወዳለው ክለቤም ራሳቸው ኢሜይል ጻፉ። ደንቡ የድሮ ክለብህ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይስጥህ፣ መጨረሻ የተጫወትክበት ቀን ይጠቀስ ስለሚል ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ እስቃለሁ። እንደ አንድ ደንበኛ ትልቅ ሊግ!

ክረምቱን አሸንፈን አሸንፈን ፍጻሜ ደረስን። ጨዋታው ሴፕቴምበር ሦስት፣ ቅዳሜ። ያን ቀን ግማሹ ሾፌር ሜዳ ላይ ስለሆነ ጋሽ ዋለ ቢሮ ቀርተው ሬዲዮውን ያዙ፤ የተሰላፊውን ዝርዝር ዋቁማ በእሳቸው ፈንታ ሞልቶ ፈረመ። ሁለት ኦቨርሲስ አሉን፤ እኔ ሦስተኛ ነኝ። ዋቁማ ግን ቆጥሯል። አቆጣጠሩን ዛሬም ይኮራበታል፦ “ሚያዝያ መጣ፤ አሁን ነሐሴ ነው፤ አራት ወር። የእኛ ወር ሠላሳ ሠላሳ ነው፤ አራት ጊዜ ሠላሳ መቶ ሃያ! ነዋሪ ነው!”

ገባሁ። ስልሳ አንድ ነጥብ መታሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም፤ ኳሱ ሐብሐብ አክሎ ይታየኝ ነበር። የኩን ራፒድስን ቡድን አሸነፍን። ዋንጫውን ዋቁማ ቤት ምግብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ኮካ ሞላንበትና ዞረን ጠጣን። እኔ ናይሮቢ ደውዬ የትምወርቅን በቪዲዮ ዋንጫውን አሳየኋት። ያን ያህል ርቄ ስመጣ አንድ ነገር ማሳየት የቻልኩት ያን ቀን ብቻ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዋለ ናቸው፤ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ በእጃቸው የኔ ፋይል።

“እንኳን ደስ አላችሁ” አሉ መጀመሪያ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ አሉ። ቀጥለው፣ “ሁለት ቀን ይጎድለዋል” አሉ።

“ምኑ?” አለ ዋቁማ።

“ሐጌ። ሚያዝያ የመጣው በሠላሳ ነው። ትላንት ነሐሴ ሃያ ስምንት ነበር። በእኛም ቆጠርኩት፣ በፈረንጅም ቆጠርኩት። መቶ አሥራ ስምንት።”

ዋቁማ ሊያባብላቸው ሞከረ፤ “ጋሽ ዋለ፣ ለሁለት ቀን! ማን ያውቃል?”

“እኔ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ነገርኩህ፤ አንተም አወቅህ። ሁለት ሆንን።”

ዋንጫውን አነሡ። የቀረውን ኮካ ሲንኩ ላይ ደፍተው አጠቡት፤ አደረቁት። መኪናቸው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር አስቀምጠው፣ በእናቴ እምላለሁ፣ ቀበቶ አሰሩለት። የሊጉ ሊቀ መንበር ወደሆኑት የጋያናው ሰው ወደ ሚስተር ፐርሳድ ቤት ድራይቭ አድርገው፣ ዋንጫውን ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ጋር አስረከቡ። ማንም አልከሰሰንም ነበር። ኩን ራፒድሶቹ እንኳን ዋንጫው ሲመጣላቸው ምን እንደሆነ አልገባቸውም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴ አረረ። ጋሽ ዋለ፣ ዛሬ ስለሆነ በፊትዎ እናገረዋለሁ፤ የጠራሁዎትን ስም ማይክ ላይ አልደግመውም፣ ፓስተራችን እዚህ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሬዲዮ ሥራ ውጭ አላናገርኳቸውም። እሳቸው፣ “ደኅና አደርክ?” ይላሉ፤ እኔ ቡና ማሽኑን አያለሁ። ለገና ዳቦ ላኩልኝ፤ ለዙለይሃ ሰጠኋት። አንድ ዓመት ከአራት ወር! እሳቸው ግን ረጅሙን ጉዞ በተራ፣ ቀላሉንም በተራ እየሰጡኝ ቀጠሉ። ቂም በቀል እንኳን ቢይዙብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ ጠብ ይሆናል።

በዚህ መሃል የጥገኝነት ጉዳዬ አለ። ፍጻሜው ባለፈ በሦስተኛው ወር፣ ዲሴምበር ላይ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሕጉ አገር ከገባህ በአንድ ዓመት ውስጥ አመልክት ይላል። ቀኑ ካለፈብህ ታሪክህ ምንም ያህል እውነት ቢሆን በሩ ይዘጋብሃል። ለእኔ ደግሞ በሩ ተዘጋ ማለት የትምወርቅና ልጄ ናይሮቢ ቀሩ ማለት ነው። ቀጠሮዬ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጠበቃዬ ጠራችኝ። “የመንግሥት ጠበቃዋ የገባህበትን ቀን አልተቀበለችም። ከዚያ በፊት ዓመታት እዚህ ኖሮ ቢሆንስ ትላለች። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ናይሮቢ መሆንህን የሚያሳይ ነገር አለህ?” አለችኝ። ምን አለኝ? ፓስፖርት ወንዝ ወስዶታል። የባለቤቴ ምስክርነት የባለቤቴ ነው። ቫን ዘጠኝ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዙለይሃ መስኮቱን አንኳኳች። ነገርኳት። በግርምት አየችኝና፣ “አንተ ደደብ፣” አለችኝ፣ “ጋሽ ዋለ ፋይል አላቸው እኮ!”

የዚያን ቀን የእሳቸውን በር ማንኳኳት ከዳሪየን ጫካ ይልቅ ከበደኝ። በሩን ከፈቱ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ያኮረፈ ሰው ቆሟል። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። “ግባ፤ ጫማህን አውልቅ” ብለው ወደ ቤዝመንት ወረዱ። “ሐጌ፣ ኦቨርሲስ” የሚል ፋይል መዘዙ። የአውቶቡስ ትኬቴ አለ። የናይሮቢ ክለቤ የመልቀቂያ ደብዳቤ አለ፤ “ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው ጃንዋሪ አሥራ ስድስት ነው” ይላል። ከጀርባው የዚያ ጨዋታ የነጥብ ወረቀት ተያይዟል፤ ከነዳኞቹ ፊርማ። ስሜ አለበት። ከስሜ ትይዩ ደግሞ... ዋቁማ፣ ጆሮህን ድፈን... ዜሮ። በመጀመሪያዋ ኳስ ወጥቻለሁ። ናይሮቢ ስታር!

“ይህን ሁሉ ጊዜ ያውቁ ነበር?” አልኳቸው።

“አውቅ ነበር።”

“ለምን ለማንም አልተናገሩም?”

“ደንቡ ስለ ቀን እንጂ ስለ ነጥብ አይጠይቅም።”

የመጨረሻዋ ወረቀት ለሚስተር ፐርሳድ የጻፏት ናት፦ “ይህ ተጫዋች ሁለት ቀን ይጎድለዋል፤ ዋንጫውን መልሰናል።” ፋይሉን ከመስጠታቸው በፊት መረከቤን አስፈረሙኝ። አዎ፣ አስፈረሙኝ!

ፍርድ ቤትም ሊመሰክሩ መጡ። ያው ሱፍ፣ ያው ክራቫት፣ ያው ቦርሳ። አድራሻዎን ይናገሩ ሲባሉ ቡርንስቪል ብለው ቁጥሩን ተናገሩና፣ “ጋርቤጅ የሚወጣው ሐሙስ ነው” ብለው ጨመሩ። አስተርጓሚውን ሁለት ጊዜ አረሙት። የመንግሥት ጠበቃዋ ተነሣችና፣ “የአመልካቹ ጓደኛ ነዎት?” አለቻቸው።

“አይደለሁም” አሉ።

ጠበቃዬ እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ።

“አንድ ዓመት ከአራት ወር ሰላምታ ነስቶኛል። ማናገር የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ፋይሉን ሲፈልግ ነው።”

ዳኛው ለሚስተር ፐርሳድ የተጻፈችውን ደብዳቤ አነሡ። “ይህን የጻፉት የገዛ ቡድንዎ ላይ ነው?” “አዎ።” “የመጣበትን ቀን ሁለት ቀን አስቀድመው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ዋንጫው ይቀርላችሁ ነበር?” “ይቀርልን ነበር።” “ታዲያ ለምን አልጻፉም?” ጋሽ ዋለ ጥያቄው አልገባቸውም። እውነቴን ነው፤ ወደ አስተርጓሚው ዞረው፣ “ምንድን ነው የሚጠይቁኝ?” አሉ። ሲደገምላቸው፣ “በዚያ ቀን አልመጣማ!” አሉ።

ዳኛው ወረቀቱን እንደገና አነበቡ። ከዚያ የመጣሁበትን ቀን ተቀብለናል አሉ። ጉዳዬም በዚያው ቀጠለና ተፈቀደልኝ።

የትምወርቅ፣ እስኪ ተነሺ። ልጅቱንም አቁሚያት። ይኸው፣ ሦስት ወራቸው ነው። ኤርፖርት ስንቀበላቸው ጋሽ ዋለ መጥተው ነበር። እኔ አቅፌያቸው ሳለቅስ እሳቸው ከጎን ቆመው ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? የደረሱበትን ቀን እየጻፉ ነበር። “ጋሽ ዋለ፣ የትምወርቅ ክሪኬት አትጫወትም እኮ!” አልኳቸው። “ይጠቅማታል” አሉኝ።

አሁን ቀልዱን ላቁም። ጋሽ ዋለ፣ ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የምናገረው፤ ሌላው ይስማ። ያን እሑድ እንደለመንንዎት ሁለቷን ቀን ሸርተት አድርገውልን ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ዋንጫ ይኖረኝ ነበር። ፍርድ ቤት ይዤው የምቀርበው ወረቀት ግን ውሸት ያለበት ወረቀት ይሆን ነበር፤ ጠበቃዋም በአንድ ጥያቄ ታፈርሰው ነበር። ለእኔ ሲሉ የሚዋሹ ወዳጆች ብዙ ነበሩኝ፤ ቃላቸው ግን ዳኛ ፊት አንዲት ቀን አላቆመልኝም። ያቆመልኝ የእኔን ዋንጫ የነጠቀ ሰው ቃል ነው። ልጄ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምትሮጠው እርስዎ ያን ቀን ስላስከፉኝ ነው። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ “ደኅና አደርክ?” ላሉኝ አልመለስኩም። ዛሬ በሰው ፊት ልመልስ፤ ደኅና አደርኩ፣ ጋሽ ዋለ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እሺ፣ እንዳታስለቅሱኝ፤ አልጨረስኩም። አንድ የቀረ ሥራ አለ።

እንደሰማችሁት ጋሽ ዋለና እትዬ ባየሽ ከዚህ በኋላ ብርዱን ወንድ ልጃቸው ኖህ ጋ፣ አሪዞና፣ ፊኒክስ ነው የሚያሳልፉት። ከኖቬምበር እስከ ሜይ። ስድስት ወር። ትላንት ቡድኑ ተሰብስቦ የምዝገባ ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጥቶኛል። አዎ፣ ለእኔ! እኔም ሥራዬን የጀመርኩት ደንቡን በማንበብ ነው። እርስዎ ያሰመሩበትን ቅጂ። አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ ከሚኒሶታ ከዘጠና ቀን በላይ የራቀ ማንኛውም የቡድን አባል ሲመለስ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። አሪዞና ባሕር እንኳን የለውም፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው። ስለዚህ ጋሽ ዋለ፣ ሜይ ላይ ሲመለሱ እርስዎ ኦቨርሲስ ነዎት።

ይሳቁ፣ ይሳቁ። ፋይልዎን ከፍቻለሁ፤ ይኸው፣ ስምዎ ተጽፎበታል። የአውሮፕላን ትኬትዎን ያስረክቡኛል። አንድ እሑድ የትምወርቅ ዳቦ ይዛ፣ እኔ ቦርሳ ይዤ እንመጣለን፤ ሻንጣዎን አያለሁ። ጋርቤጁ በምን ቀን እንደሚወጣም እጠይቃለሁ፤ እትዬ ባየሽ፣ እንዳይነግሯቸው።

በሉ ተነሡ! ቢራ የያዛችሁም፣ ኮካ የያዛችሁም፣ ፓስተር እርስዎም ውኃዎን ያንሡ። ጋሽ ዋለ፣ ፀሐዩ ይስማማዎት፤ ጉልበትዎ ይጽና፤ ከእትዬ ባየሽ ጋር ዕድሜ ይስጣችሁ፤ የልጅ ልጅ ያሳያችሁ። በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሱልን። ከሜይ ጀምሬ በእኛም በፈረንጅም እቆጥራለሁ። መቶ ሃያ ሲሞላ የነዋሪነት ወረቀትዎን ራሴ ቤትዎ ድረስ አመጣለሁ።

ሁለት ቀን ቢጎድል ግን፣ ጋሽ ዋለ፣ ማን ያውቃል እንዳይሉኝ። እኔ አውቃለሁ።

ለጤናችን!